ታኅሣሥ 24 መቼ ነው? የጉዞ ቀን፣ የዘመን አቆጣጠሮቻችንና የዜግነት ማመልከቻ

(በደሴ ግቢ ለተማሪዎች፣ ለመምህራንና ለከተማው እንግዶች ከቀረበ የሕዝብ ንግግር የተገለበጠ። የንግግሩ ለዛ እንዳይጠፋ በተቻለ መጠን እንደተነገረ ተቀምጧል።)



የታሪክ መምህር አደባባይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ሌሎች ስሕተት ነው። ስለ ነገሥታት፣ ስለ ጸሐፊዎች፣ ስለ ተርጓሚዎች። እኔ ዛሬ የምጀምረው በራሴ ስሕተት ነው። ስሕተቱ የተፈጸመው በአንድ የስልክ መልእክት ውስጥ ሲሆን፣ ርዝመቱ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ያስከተለው መዘዝ ግን ከዶክትሬት ማሟያ ጽሑፌ ይልቅ ብዙ አስተምሮኛል።

ትውልዴ ቢስቲማ ነው። ወረባቦን ለማታውቁ፣ ከሐይቅ ታጥፎ ወደ ጭፍራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የወረዳ ከተማ ናት፤ የደጋው እህልና የአፋር ቆላ ከብት ይገናኙባታል። እዚያ ያደገ ሰው ቀንን በአንድ መንገድ አይቆጥርም። በመስጊድ ረመዷንና ሸዋል ይላል፤ በቀበሌ መስከረምና ጥቅምት ይላል፤ ፓስፖርት ካወጣ ደግሞ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ ይማራል። ከእነዚህ ሁሉ በላይ የሚያምነው ግን በክስተት መቁጠርን ነው፦ «ድርቁ በገባ በዓመቱ»፣ «የእገሌ ሠርግ በከረመ ጊዜ»፣ «በሽታው ሳይገባ»። የታሪክ ሰው ይህን የመጨረሻውን አቆጣጠር ሊንቀው አይገባም። ለምን እንዲህ እንደምል ኋላ ትረዱታላችሁ።

ታናሽ እኅቴ በዲቪ ዕድል ወደ አሜሪካ ሄዳ ኑሮዋን እዚያ አድርጋለች። በ2012 ዓ.ም. እናታችን ስታርፍ ለሐዘኑ መጥታ ስድስት ሳምንት ያህል ከእኛ ጋር ተቀምጣ ተመለሰች። በ2014 ዓ.ም. ለዜግነት ልታመለክት ተዘጋጀች። የማመልከቻው ቅጽ ባለፉት 5 ዓመታት ውስጥ ከአገሩ የወጣችባቸውንና የተመለሰችባቸውን ቀናት በሙሉ ይጠይቃል። በዚያን ጊዜ የያዘችው ፓስፖርት አዲስ ነበር፤ ማኅተሞቹ ያሉበት አሮጌው ቤት ስትቀይር ጠፍቶባታል። ስለዚህ ደወለችልኝ። «ወንድም ጋሼ፣ መቼ ነበር የመጣሁት? አንተ ትጽፋለህ ብዬ ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነው፤ እጽፋለሁ። የዚያን ጊዜውን ማስታወሻ ደብተሬን አወጣሁ። «ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ገባች» ይላል። ጥቂት ገጽ ዝቅ ብሎ «ቅዳሜ የካቲት 7 ማታ ተሸኘች» ይላል። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ስለነበር በልቤ ቀየርኩት። ታኅሣሥ ዘጠኝ ቀን ወደ ኋላ ይቀራል፣ ዓመቱ በ7 ይጨመራል፤ የካቲት ሰባት ቀን ወደ ፊት ይሄዳል፣ ዓመቱ በ8 ይጨመራል። እንዲህ ብዬ ላክሁላት፦ «ጃንዋሪ 2 ቀን 2019 ገባሽ፤ ፌብሩዋሪ 14 ቀን 2020 ወጣሽ።»

በዚህ አዳራሽ ካላችሁት መካከል ፈገግ ያላችሁ አያለሁ። ስሕተቱን አይታችሁታል ማለት ነው። ታኅሣሥ 24 የአውሮፓውያኑን አዲስ ዓመት የተሻገረ ቀን ነው። ዓመቱ በ8 እንጂ በ7 መጨመር አልነበረበትም። መግቢያዋ 2020 መሆን ሲገባው 2019 ሆነ፤ መውጫዋ ግን በትክክል 2020 ላይ ቀረ። የስድስት ሳምንት ሐዘን በወረቀት ላይ የ408 ቀን ስንብት ሆነ።

እኅቴ ሁለት ሥራ የምትሠራ ሰው ናት። የላክሁላትን ሳትመረምር ቅጹን ለሚሞላላት ሰው ሰጠች፤ «ወንድሜ የታሪክ ዶክተር ነው» ብላ። ቅጽ ሞይው ቀኖቹን እንዳሉ አሰፈረ። ጉዞው ከስድስት ወር ይበልጥ እንደሆነ ለሚጠይቀው መስመርም፣ ቀኖቹን ተከትሎ «አዎን» ብሎ ምልክት አደረገ። እርሷ ፈረመች።

አሁን የዚህን ክብደት ለመረዳት ሕጉን ማወቅ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ሕግ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው በመደበኛው መንገድ ዜግነት ለማግኘት 5 ዓመት ሳይቋረጥ ነዋሪ መሆን፣ ከዚያም ውስጥ ቢያንስ 30 ወር በአካል በአገሩ መገኘት አለበት። ከ6 ወር በላይ ከአገር የቀረ ሰው ነዋሪነቱ እንደተቋረጠ ይገመትበታል፤ ግምቱን በማስረጃ ማፍረስ የእርሱ ፋንታ ነው። አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቀረ ግን፣ አስቀድሞ ልዩ ፈቃድ ካላገኘ፣ ነዋሪነቱ ተቋርጧል። 408 ቀን በየትኛው ወገን እንደሚወድቅ ግልጽ ነው። የካናዳ ሕግ በ5 ዓመት ውስጥ 1,095 ቀን በአካል መገኘትን ይጠይቃል። የእንግሊዝ ሕግ በመደበኛው የ5 ዓመት መንገድ ከ450 ቀን በላይ፣ በመጨረሻው ዓመት ደግሞ ከ90 ቀን በላይ መቅረትን በመርሕ ደረጃ አይፈቅድም። ሁሉም ዘንድ ዜግነት የሚለካው በቀን ቁጥር ነው። የልብ ፍቅር አይጠየቅም ማለቴ አይደለም፤ አስቀድሞ የሚጠየቀው ግን ቀን ነው።

ይህ የባዕዳን አመል ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሐምሌ 15 ቀን 1922 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ ዜግነት ሕግ ዜግነት ከሚጠይቅ የውጭ አገር ሰው የ5 ዓመት ነዋሪነትን ይፈልግ ነበር። አሁን በሥራ ላይ ያለው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ከማመልከቻው በፊት በድምሩ ቢያንስ 4 ዓመት በኢትዮጵያ መኖርን ይጠይቃል። «በድምሩ» የምትለውን ቃል ልብ በሉልኝ። ድምር የሚባል ነገር ካለ የሚደመር ነገር አለ፤ የሚደመረው ደግሞ በመግቢያና በመውጫ መካከል ያለው ቀን ነው። ያው አዋጅ በገዛ ፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጥረዋል። ስለዚህ እኅቴ ቃለ መሐላ የምትፈጽምባት ቀን እዚያም እዚህም የምትቆጠር ቀን ናት። ከዚያች ቀን በኋላ ወደ ቢስቲማ የምትመጣው በቪዛ ወይም በአዋጅ ቁጥር 270/1994 በተፈቀደው የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ፣ ሰው ቢጫ ካርድ በሚለው፣ ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ፤ ምክንያቱም የእኔ ስሕተት አንድ ብቻ አልነበረም። ዓመቱን ትተን ቀኑን ብቻ ብናይ እንኳ ተሳስቻለሁ። ታኅሣሥ 24 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 2 ላይ ይውላል። 2011 ዓ.ም. ግን ጳጉሜን 6 የሆነበት ዓመት ስለነበር፣ የ2012 መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ላይ ነው። ከዚያ ጀምሮ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ያሉት ቀኖች በሙሉ አንድ ቀን ይገፋሉ። ስለዚህ ታኅሣሥ 24 ቀን 2012 ጃንዋሪ 3 ቀን 2020 ነው፤ የካቲት 7ም ፌብሩዋሪ 15 እንጂ 14 አይደለም።

ለደሴ ሰው ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ደሴን የደበደቡት፣ ንጉሠ ነገሥቱም በከተማዋ በነበሩበት ጊዜ፣ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ ዲሴምበር 6 ቀን 1935። በቅርቡ ጦርነት ደግሞ ደሴና ኮምቦልቻ በመንግሥት እጅ ተመልሰው መግባታቸው የተነገረው ኅዳር 27 ቀን 2014 ዓ.ም. ነው፤ በአውሮፓ ዲሴምበር 6 ቀን 2021። የአውሮፓው ቀን አንድ ነው፤ ሁለቱም ዲሴምበር 6። የእኛው ግን አንዱ 26፣ ሌላው 27 ነው። ምክንያቱ 1928 ጳጉሜን 6 ከሆነበት ከ1927 ቀጥሎ የመጣ ዓመት መሆኑ ብቻ ነው። አንድ ተማሪ «ኅዳር 26 ሁልጊዜ ዲሴምበር 5 ነው» ብሎ ቢጽፍ የደሴን ድብደባ በአንድ ቀን ያስቀድመዋል።

ሌላም አለ፤ ከዚህ ጥቂት ሰዓት መንገድ ያለ። አምባሰል ውስጥ የተፈረመውን የውጫሌ ውል ሁላችንም በ17ኛው አንቀጹ እናውቀዋለን፤ በአማርኛውና በኢጣሊያንኛው መካከል ስላለው ልዩነት ብዙ ቀለም ፈስሷል። ስለ ቀኑ ግን የሚናገር ሰው አላየሁም። ውሉ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ተፈረመ፤ በአውሮፓ ሜይ 2 ቀን 1889። ዛሬ ግን ሚያዝያ 25 የሚውለው ሜይ 3 ላይ ነው። የዐድዋም እንዲሁ ነው፤ ጦርነቱ የተደረገው የካቲት 23 ቀን 1888 ሲሆን የአውሮፓ መጻሕፍት ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል፤ እኛ ግን በዓሉን የምናከብረው ማርች 2 ላይ ነው። ማንም አልተሳሳተም። በአውሮፓ አቆጣጠር 1900 ፌብሩዋሪ 29 አልነበረውም፤ በእኛ ዘንድ ግን የአራት ዓመቱ ዙር ሳይዘለል ቀጠለ። ከዚያ ወዲህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በአንድ ቀን ሰፋ። የዛሬን ሠንጠረዥ ይዞ ወደ ምኒልክ ዘመን የሚሄድ ሰው ሁልጊዜ አንድ ቀን ይዘገያል። እኔ ይህን ለ20 ዓመታት አስተምሬያለሁ። ለእኅቴ መልእክት ስጽፍ ግን ከማስተምረው አንዱንም አልተጠቀምሁበትም።

ሦስተኛው ስሕተቴ ከሁሉም የረቀቀ ነው። ቅጹ የሚጠይቀው «ኢትዮጵያ መቼ ገባሽ?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀው «ከአሜሪካ መቼ ወጣሽ? መቼ ተመለስሽ?» ብሎ ነው። ከዋሽንግተን የተነሣ መንገደኛ ቦሌ የሚደርሰው በማግስቱ ነው። በምላሹ ደግሞ የሌሊቱ ነገር አለ። እኛ «ቅዳሜ ማታ ተሸኘች» እንላለን፤ አውሮፕላኑ የተነሣው ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት ካለፈ በኋላ ነው። በእኛ አነጋገር ያ ሰዓት «ቅዳሜ ለእሑድ አጥቢያ» ነው፤ ሌሊቱ ገና ከቅዳሜ አልተላቀቀም። በአየር መንገዱ ወረቀት ግን ሙሉ በሙሉ እሑድ ነው። የእኛ ቀን በንጋት ይጀምራል፣ የእነርሱ በእኩለ ሌሊት፣ በመስጊድ ደግሞ ጀንበር ስትጠልቅ። ሐሙስ ማታ ቢስቲማ ውስጥ ለአባቴ የጁምዓ ሌሊት ነው። አንድ ሰዓት በሦስት ቀን ስም ሊጠራ ይችላል ማለት ነው።

(እዚህ ላይ ጣልቃ ልግባና አንድ ነገር ልበል። የእኔ «ጃንዋሪ 2» በአጋጣሚ እኅቴ ከአሜሪካ ከተነሣችበት ቀን ጋር ገጥሟል። በተሳሳተ ሒሳብ ትክክለኛ መልስ ላይ የደረሰ ተማሪ ስንት ነጥብ ይሰጠዋል? እኔ እስከዚያ ዓመት ድረስ ግማሽ እሰጥ ነበር።)

የቃለ መጠይቁ ቀን ደረሰ። ቃለ መጠይቁ የሚደረገው በመሐላ ነው። መርማሪው በመንግሥቱ የጉዞ መዝገብና በእርሷ ቅጽ መካከል የአንድ ዓመት ልዩነት አየ። ጠየቃት። እርሷም ደንግጣ፣ «ወንድሜ የነገረኝ ነው፤ ትክክል ነው» አለች። ይህን ስትነግረኝ ድምጿ ዛሬም በጆሮዬ አለ። የራሷን ትዝታ ትታ የእኔን ዲግሪ አመነች። ውሳኔው ታገደ፤ ማስረጃ እንድታቀርብ ደብዳቤ ተሰጣት። ነገሩ ተጣርቶ እስኪያልቅ 9 ወር ሄደ።

በሕግ ዓይን የተሳሳተ ቀን ሁሉ ውሸት አይደለም። ይህ ነገር እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የደረሰበት ጊዜ አለ። ኩንጊስ የተባለ ከሊትዌኒያ የሄደ ሰው፣ ከሌሎች ክሶች ጋር፣ የተወለደበትን ቀንና ቦታ በሐሰት በመስጠቱ ዜግነቱ እንዲሰረዝ መንግሥት ከስሶት ነበር። ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1988 ያን መሰሉ ሐሰት በባለሥልጣኑ ውሳኔ ላይ ተጽዕኖ የማድረግ ዝንባሌ እንደነበረው መረጋገጥ አለበት፤ በዚህ ጉዳይ ግን አልተረጋገጠም አለ። እ.ኤ.አ. በ2017 በማስሌንያክ ጉዳይም ሐሰቱ ለዜግነቱ መገኘት አስተዋጽኦ ያደረገ መሆን እንዳለበት ወሰነ። ሕጉ ስሕተትን ከማታለል ይለያል። ነገር ግን ልዩነቱን ማስረዳት ያለበት በተግባር ቅጹን የፈረመው ሰው ነው፤ በባዕድ ቋንቋ፣ በአንድ ጠረጴዛ ፊት፣ ልቡ እየመታ።

የእኛ ሰው ለምን ቀን ይቸግረዋል? «ሐበሻ ለጊዜ ግድ የለውም» የሚለውን የስንፍና መልስ አልቀበልም። አባቴ የአምስት ወቅት ሶላት ሰዓት አንድ ቀን አዛንፎ አያውቅም። ችግሩ ያለው ቀኑን መዝግቦ ለመንግሥት በሚያስረክበው ሥርዓት ላይ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት፣ የጋብቻና የሞት የክብር መዝገብ እንዲኖር ደነገገ፤ ዳሩ ግን ያው ሕግ በቁጥር 3361 ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ ትእዛዝ እስኪወጣለት ድረስ እንዳይጸና አገደው። ትእዛዙ ሳይወጣ ግማሽ ምዕት ዓመት አለፈ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 የወጣው በ2004 ዓ.ም. ነው፤ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008። ስለዚህ ዛሬ ጎልማሳ የሆነ ማንኛውም የወረባቦ ሰው ሲወለድ መንግሥት አልጻፈውም። የጻፈው ካለ አባቱ ነው፤ በኪታብ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ፤ ወይም የነፍስ አባቱ። የሞተውን ደግሞ የሚጽፈው ቅሬው ነው። የቅሬ መዝገብ ምን ያህል ትክክለኛ እንደሆነ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ገንዘብ ያለበት መዝገብ ነውና ቀን አይሳሳትም።

ከዚህ አካባቢ ወደ ዓረብ አገር የሄዱት ነገር ደግሞ ይብሳል። በሳዑዲ ዓረቢያ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ኢቃማው፣ የሚቆጠረው በሂጅራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2013 ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ሠራተኞች ጉዳያቸውን እንዲያስተካክሉ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ ያበቃው የሂጅራው 1434 ዓመት ሲያልቅ ነው፤ ያም በእኛ ጥቅምት 24 ቀን 2006 ገደማ ነው። ከዚያ ወዲህ ባሉት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመለሱ፤ ወሎ ከእነዚህ ብዙዎቹን ተቀብላለች። ከእነርሱ መካከል በኋላ በሌላ መንገድ ወደ ምዕራብ አገር የተሻገረች አንዲት ሴት ቅጽ ስትሞላ የሚያጋጥማትን አስቡት። ከወረባቦ የወጣችበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በልቧ አለ፤ ጂዳ የሠራችበት ዘመን በሂጅራ ነው፤ ቅጹ በአውሮፓ ይጠይቃታል። የሂጅራው ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለሆነ «ሦስት ዓመት ሠራሁ» ያለችው እንኳ በአውሮፓ ሲቆጠር አንድ ወር ያህል ይጎድላል። በቦሳሶ ወይም በኦቦክ አድርጋ በጀልባ የተሻገረችውማ ከነጭራሹ ማኅተም የላትም። በ2014ቱ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ከቤትም ከቢሮም የብዙ ሰው ወረቀት ጠፍቷል።

እንዲህ ያለው ሰው ምን ይጻፍ? እኔ የማምነው እኛ በሙያችን የምናደርገውን ያድርግ ብዬ ነው። የታሪክ ጸሐፊ ዓመቱን የማያውቀውን ነገር «ገደማ» ብሎ ይጽፋል፤ በዚህ ማንም አያፍርበትም። ቅጽ ፊት ሲቀርብ ግን ሰው ባዶ ሳጥን ያስፈራዋል፤ ወርና ቀን ካልሞላ የሚጣልበት ይመስለዋል፤ ስለዚህ ይፈጥራል። በስደተኞች መዝገብ ላይ ጃንዋሪ 1 የተወለደው ሰው ብዙ ነው። የተፈጠረ ትክክለኛ ቀን ከታመነ ግምት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ቅጽ ላይ ያው ሰው ሌላ ቀን ይፈጥራል፣ ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች እርስ በርስ ይመሰካከሩበታል። «በግምት» ብሎ ጽፎ፣ ግምቱ ከምን እንደመጣ በአንድ መስመር ማስረዳት የበለጠ ክብር አለው።

የቁጥር አጻጻፍም ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። እኔ ደብተሬ ላይ አንዳንዴ 24/04/2012 ብዬ እጽፋለሁ፤ ታኅሣሥ አራተኛ ወር ነውና። ይህን ያገኘ ባዕድ ኤፕሪል 24 ቀን 2012 ብሎ ያነበዋል፤ ስምንት ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ስሕተት። አሜሪካውያን ደግሞ ወሩን ያስቀድማሉ፤ ለእነርሱ 05/02 ሜይ 2 ነው፣ ለአውሮፓ ፌብሩዋሪ 5። ስለዚህ ለተማሪዎቼ የምለው፣ የወሩን ስም በፊደል ጻፉ፤ የየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሳታመለክቱ ቀን አትጻፉ፤ የሳምንቱንም ዕለት አትተዉ።

የሳምንቱን ዕለት ያልሁት በከንቱ አይደለም። ሦስቱ አቆጣጠሮች በወር፣ በቀንና በዓመት ሁሉ ይለያያሉ፤ በአንድ ነገር ግን ይስማማሉ። ዓርብ በሦስቱም ዓርብ ነው። ማንም ነገሥታት፣ ማንም ጳጳስ፣ ማንም ኸሊፋ የሰባቱን ቀን ዙር አልሰበረውም። የመካከለኛው ዘመን ሰነድ ቀን ስንመረምር መጀመሪያ የምንይዘው ይህን ነው።

እኅቴ ደብዳቤውን በላከችልኝ ሳምንት ቢስቲማ ወረድሁ። አባቴን ቅጹ ላይ ስለተጻፈው አልነገርሁትም፤ «የመጣችበትን ቀን ታስታውሳለህ ወይ?» ብቻ አልሁት። አላመነታም። «ጁምዓ ነው። ዐስር ሰግጄ ስመለስ ከበራፉ ቆማ አገኘኋት። ይህ በሽታ ሳይመጣ ነው፤ ሰው ገና ተቃቅፎ ይላቀስ ነበር» አለኝ። ከዚያም ከካፖርቱ የውስጥ ኪስ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። እኅቴ ስትመጣ የያዘችው የአውሮፕላን መሳፈሪያ ካርድ ቁራጭ ነበር። ጽሑፉን ማንበብ አይችልም፤ ልጁ የመጣችበት ወረቀት ስለሆነ ይዞት ኖሯል። በላዩ «ጃንዋሪ 2» ይላል፤ እንደ ብዙዎቹ የመሳፈሪያ ካርዶች ዓመት አልተጻፈበትም።

እዚያው ደጃፍ ተቀምጬ ቆጠርሁ። ጃንዋሪ 2 ከዋሽንግተን ከተነሣች ቦሌ የደረሰችው ጃንዋሪ 3 ጠዋት ነው፤ በኮምቦልቻ በረራ፣ ከዚያም በደሴና በሐይቅ በኩል፣ ለዐስር ቢስቲማ መድረስ ትችላለች። ጃንዋሪ 3 በ2019 ሐሙስ ነበር፤ በ2020 ዓርብ። የመጀመሪያው የኮቪድ ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012፣ ማርች 13 ቀን 2020 ነው፤ ይህም ከአባቴ «በሽታው ሳይመጣ» ጋር ይስማማል። አንድ ሽማግሌ በክስተትና በሳምንት ዕለት የነገረኝ፣ በደብተር የጻፍሁትንና በዲግሪ የቀየርሁትን አረመልኝ።

መሥሪያ ቤቱ ግን የአባቴን ጁምዓ አይቀበልም፤ ወረቀት ይፈልጋል። ዓመቱን ካወቅን በኋላ ትኬቱን ከሸጠላት ወኪል የትኛውን ወር መዝገብ መጠየቅ እንዳለባት አወቀች፤ ትኬቱም ተገኘ። የማብራሪያ ደብዳቤ ጻፍሁላት፤ ስሕተቱ የእኔ መሆኑን፣ የታኅሣሥን ማለቂያ እንዴት እንደዘነጋሁ፣ የጳጉሜን 6ን ነገር ሳይቀር። ሁለት ገጽ ሆነ። በሕይወቴ ከጻፍሁት ሁሉ በጥንቃቄ የተነበበው ጽሑፍ እርሱ ሳይሆን አይቀርም።

ዜግነቷን በ2015 ዓ.ም. ሰኔ ላይ አገኘች። ወላጅን ማስመጣት የሚችለው ዜጋ የሆነ ልጅ ብቻ ነውና፣ ወዲያው ለአባታችን አመለከተች፤ የልጅ ልጆቹን በአካል አይቷቸው አያውቅም ነበር። ጉዳዩ በመታየት ላይ ሳለ በ2016 ዓ.ም. ጥር አረፈ። 9ኙ ወር ባይባክን ኖሮ ይደርስ ነበር ብዬ መደምደም አልችልም። ለአንድ ውጤት አንድ ምክንያት ብቻ አትስጡ እያልሁ የማስተምር ሰው ነኝ፤ እነዚያ ጉዳዮች በተለያየ ጊዜ ይጓተታሉ፣ እርሱም አርጅቶ ነበር። ነገር ግን ወሮቹን ሳልቆጥር የማልፍበት ሳምንት የለም።

ከሐዘኑ በኋላ ኪታቦቹን ስንሰበስብ፣ ከአንደኛው ሽፋን ውስጥ የስምንታችንን ልደት የጻፈበትን ገጽ አገኘሁ፤ በዓረብኛ ፊደል፣ በአማርኛ ቃል፣ በሂጅራ ቀን። ከልደቶቹ ሥር፣ በተንቀጠቀጠ እጅ፣ ሌላ መስመር ተጨምሯል። ትርጉሙ እንዲህ ነው፦ «ልጄ ለእናቷ ሐዘን መጣች። ጁምዓ፣ ጀማደል አወል 8፣ ዓመቱ 1441።» ጃንዋሪ 3 ቀን 2020 ማለት ነው። ዓመቱ ሳይቀር ተጽፎ ነበር። የዚያን ቀን ደጃፍ ላይ ስጠይቀው ዕለቱን እንጂ ዓመቱን አልጠየቅሁትም።

ጥያቄ ያላችሁ፣ ከኋላ ካሉት እንጀምር።